እግር የሚመዝን ሚዛን

ቤቱ ተቀምጦ መኪና የሚነዳ ሰው የመጀመሪያ ገንዘቡን የሚያወጣው መሪ ላይ ነው። መሪ ይታያል፤ ጠረጴዛ ላይ ሲታሰር ያምራል፤ ጓደኛ ሲመጣ "እስቲ ልሞክረው" ይላል። ሁለተኛውን ገንዘብ ግን እግሩ ሥር ያወጣዋል። ሲም ሬሲንግ በሚባለው ዓለም፣ ማለትም የመኪና ውድድር ጌምን እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን እንደ ልምምድ በያዙት ሰዎች ዘንድ፣ ለጀማሪ ተደጋግሞ የሚሰጥ ምክር አለ፦ መሪውን ለጊዜው ተወውና ፍሬኑን ቀይር። ቀይር የሚሉት ደግሞ ሎድ ሴል ወዳለው ፔዳል ነው።

ይሄ ጽሑፍ ስለዚያ ፔዳል ነው። ግን "ግዙት፣ አትግዙት" ብሎ የሚያበቃ የዕቃ ግምገማ አይደለም። ልብ ወለድ ስናነብ ደራሲው ስለ ሰው ምን አየ፣ ምንስ ሳያይ አለፈ ብለን እንጠይቃለን። ፔዳልም እንደዚያ ሊነበብ ይችላል። ስለ መንዳት አንድ ሐሳብ አለው፤ ያንን ሐሳብ ብረትና ጎማ አድርጎ እግራችን ሥር ያስቀምጠዋል። የማነብበት ቦታ ደግሞ ሰሜን ጎንደር ነው። ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደረስ፣ መንገዱ ሊማሊሞ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ስለ ፍሬን አውቃለሁ የሚል ማንኛውም ነገር፣ ጌምም ቢሆን፣ እዚያ አፋፍ ላይ ቆሞ ቢጠየቅ ተገቢ ነው።

ርቀትና ጉልበት

ተራው የጌም ፔዳል የሚለካው ርቀትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ሎጊቴክ ጂ29ን እንውሰድ። ፔዳሉ ውስጥ ፖቴንሽዮሜትር አለ፤ በድሮ ሬዲዮ ላይ ድምፅ የምንጨምርበትና የምንቀንስበት ቁልፍ ውስጥ ያለው ዓይነት ማለት ነው። ፔዳሉ ግማሽ ድረስ ሲወርድ ኮምፒውተሩ "ግማሽ ፍሬን" ብሎ ይመዘግባል፤ መጨረሻው ድረስ ሲወርድ "ሙሉ ፍሬን"። ኩባንያው ከፍሬኑ ሥር ጎማ አስገብቶ ፔዳሉን አክብዶታል፤ መለኪያው ግን ያው ርቀት ነው። የረገጣችሁበትን ጉልበት አያውቀውም።

የእውነት መኪና ፍሬን እንዲህ አይሠራም። ሹፌሩ ሲረግጥ ፔዳሉ የፍሬን ዘይቱን ይገፋል። ዘይት ስለማይታመቅ ግፊቱ እስከ ጎማው ይደርስና ሸራውን ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር ያገናኘዋል። አንዴ ከተገናኙ ፔዳሉ ከዚያ በኋላ ብዙም አይወርድም። የሚጨምረው ግፊቱ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሹፌር ፔዳሉን ስንት ጣት እንዳወረደው አያስብም፤ እግሩ የሚያስታውሰው ክብደቱን ነው።

ሎድ ሴል የሚያመጣው ለውጥ ይሄ ነው። ነገሩ ራሱ አዲስ አይደለም። ትንሽ የብረት ቁራጭ ነው፤ ላዩ ላይ በጣም ቀጭን ሽቦ የተጣጠፈበት ስስ ነገር ተለጥፎበታል። ብረቱ ሲጫኑት ዓይን በማያየው መጠን ይለጠጣል፤ ሽቦውም አብሮ ይለጠጣል፤ ያኔ ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚያሳልፍበት መጠን ይለወጣል። ይህ ዓይነቱ መለኪያ አሜሪካ ውስጥ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ስኳር የሚመዝነው፣ ቁጥር የሚያሳየው ሚዛን ሆድ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ከባድ መኪና ከነጭነቱ ወጥቶ በሚመዘንበት ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ሥርም ያለው እሱ ነው። ስሙም ይሄንኑ ይናገራል፤ ሎድ ማለት ጭነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ትረስትማስተር ቲ-ኤልሲኤም ፍሬኑ ላይ እስከ 100 ኪሎ የሚለካ ሎድ ሴል አለው። በቀላል አማርኛ፣ ሎድ ሴል ፔዳል ማለት እግር የሚመዝን ሚዛን ነው።

ጥበቡ መልቀቁ ላይ ነው

መጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው፤ ይሄ ፔዳል ጥሩ ሥራ ነው።

ውድድር ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ እስቲ እንይ። መኪናው ቀጥታውን ጨርሶ ኩርባ ሲቃረብ ሹፌሩ በአንዴ፣ በሙሉ ጉልበት ይረግጣል። የፎርሙላ ዋን ሹፌር እግር በዚያች ቅጽበት ከ100 ኪሎ በላይ ይጫናል። ግን ወዲያው ሌላ ሥራ ይጀመራል። ፍጥነቱ ሲቀንስ፣ አየሩ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫንበት ኃይልም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ እግር ቀስ እያለ መነሳት አለበት፤ ካልተነሳ ጎማው ይቆለፋል። ወደ ኩርባው ሲገባም ፍሬኑ በአንዴ አይለቀቅም፤ መሪው እየዞረ፣ እግሩ እየቀለለ፣ አንዱ ለሌላው ቦታ እየለቀቀ ይሄዳል። ርቀት በሚለካ ፔዳል ይሄን ማድረግ አይቻልም ማለት አይደለም። ተመሳሳዩን ነገር አሥር ዙር በተከታታይ መድገም ነው ጭንቁ። ሎድ ሴል ሰውን በአንድ ቀን ፈጣን አያደርገውም፤ አንድ ወጥ እንዲሆን ግን ያግዘዋል።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ደግሞ እዚህ አለ። ጌሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸልሙት መጫንን ነው፦ ተጫን፣ ዝለል፣ ተኩስ፣ ሩጥ። ቅኔ ጌምስ አዲስ አበባ ላይ በሠራው "ኩኩሉ" እንኳ ዶሮዋ ከመሮጥ ሌላ ምርጫ የላትም። ስልክ ላይ በምንነዳቸው አውቶቡሶች ፍሬኑ መስታወት ላይ የተሣለ ሥዕል ነው፤ ወይ ነክተኸዋል ወይ አልነካኸውም። ሎድ ሴል ያለው ፔዳል ግን ስለ መልቀቅ ትምህርት ይሰጣል። 60 ኪሎ የረገጠ እግር እንዴት አድርጎ ወደ 40፣ ከዚያ ወደ 15 ኪሎ በዝግታ ይወርዳል? ይሄ ራስን የመግታት ልምምድ ነው። ጉልበት ያለው ሰው ጉልበቱን በልክ ሲመልስ ማየት ከብዙ የጌም ታሪኮች የበለጠ የበሰለ ነገር ነው።

የሐሳቡ ጥራት እስከዚህ ድረስ ይዘልቃል። ከዚህ በኋላ ደባርቅ እንደርሳለን።

ከጣሊያን የቀረ ቃል፣ ከጣሊያን የቀረ መንገድ

"ፍሬን" የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ማርሽም፣ ፍሪሲዮንም፣ ካምቢዮም፣ ጎማም፣ ኮፈንም እንደዚያው። ጋራዥ ውስጥ ቆመን ስናወራ ግማሹ አማርኛችን ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። የቀረው ደግሞ ቃል ብቻ አይደለም። ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ የሚወርደው የድሮው መንገድ፣ በወረራው ዘመን ከጎንደር ወደ አስመራ እንዲያገናኝ ጣሊያኖች ያሠሩት ነው። ወረራው በሌላው የአገሪቱ ክፍል በ1933 ዓ.ም. አበቃ ሲባል፣ ጎንደር ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ጦሩ ሄደ፤ መንገዱና ቃሉ ቀሩ።

ሦስተኛ የጣሊያን ነገር ደግሞ በኮምፒውተር መጣ። ሲም ሬሲንግ ውስጥ ስሙ ከሚጠራው አንዱ የሆነውን "አሴቶ ኮርሳ"ን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ኩኖስ ሲሙላሲዮኒ የተባለ የጣሊያን ስቱዲዮ ነው፤ መቀመጫው ሮም አቅራቢያ ያለው የቫሌሉንጋ የውድድር ሜዳ ነው። የሠሯቸው የውድድር መንገዶች ብዙዎቹ በሌዘር የተለኩ ናቸው፤ አስፋልቱ ላይ ያለች እብጠት ሳትቀር መሪው ላይ ትሰማለች። ተራራም አለው፦ ትሬንቶ ቦንዶኔ፣ ከ17 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጠማዘዝ የሰሜን ጣሊያን ዳገት። "ደርት ራሊ" በተባለው ጌም ውስጥ ደግሞ የአሜሪካው ፓይክስ ፒክ አለ፤ ወደ 20 ኪሎ ሜትር፣ 156 ኩርባ።

ሁለቱም ወደ ላይ ናቸው። የፓይክስ ፒክ ውድድር የሚነሳው ከ2,862 ሜትር ከፍታ ነው፤ ደባርቅም እዚያው ከፍታ አካባቢ ናት። እነሱ ከዚያ ተነስተው ወደ 4,300 ሜትር ይወጣሉ። የእኛ መኪና ከዚያ ተነስቶ ይወርዳል። ልዩነቱ የአቅጣጫ ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ዳገት ላይ የመሬት ስበት ራሱ ፍሬን ነው፤ ነዳጅ ስትለቅ መኪናው ይይዝልሃል። ዳገት የሚፈትነው ሞተርን ነው። ቁልቁለት የሚፈትነው ፍሬንን ነው። ታዲያ ስለ ፍሬን እውነቱን እንናገራለን የሚሉ ጌሞች ተራራ ሲመርጡ፣ ፍሬን የማይጨነቅበትን የተራራ ወገን መርጠዋል።

ዘግይቶ የሚያዝና ቀድሞ የሚያዝ

ቁጥሩን እናስላው። 1,300 ኪሎ የሚመዝን የውድድር መኪና ከ250 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲቀንስ ፍሬኑ የሚውጠው ኃይል 2.6 ሜጋጁል ገደማ ነው። ከዚያ ኩርባውን ያልፋል፣ ቀጥታ ያገኛል፣ ነፋስ ፍሬኑን ያቀዘቅዝለታል፣ እንደገና ይረግጣል። አሁን ከነጭነቱ 30 ቶን የሆነ መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ እናስብ። ፍጥነቱ ሳይጨምር እንዲወርድ ከተፈለገ ወደ 294 ሜጋጁል የሚሆን ኃይል የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ይሄ ከመቶ በላይ የውድድር ፍሬን ማለት ነው፤ ያውም መሐል ላይ ማቀዝቀዣ ቀጥታ ሳይኖር። በሌላ መንገድ ካያችሁት፣ አራት በርሜል ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ያ ሁሉ ሙቀት በፍሬን ሸራ ብቻ ይውጣ ከተባለ፣ ሸራው ይጋላል፤ የጋለ ሸራ መያዝ ያቅተዋል፤ ታምቡሩም ሲግል ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል።

ለዚህ ነው የከባድ መኪና ሹፌር የትም አገር ቢሆን የሚማረው አንድ ሕግ ያለው፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ማርሹ አፋፉ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀመር፣ ይቀነሳል። ሞተሩ ይይዛል፤ ፍሬኑ ለድንገተኛ ነገር ቀዝቅዞ ይቀመጣል። ጎበዝ የሚባለው ሹፌር ታች ሲደርስ ፍሬኑ ያልጋለበት ነው።

እንግዲህ ሁለት የፍሬን ጥበብ አለ። የውድድሩ ጥበብ ዘግይቶ መርገጥ ነው፤ ከተፎካካሪህ አሥር ሜትር ዘግይተህ ከያዝክ አሸነፍክ። የቁልቁለቱ ጥበብ ቀድሞ መያዝ ነው፤ እንዲያውም ፍሬን የማያስፈልግበትን ሁኔታ ቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ሎድ ሴል ፔዳል የመጀመሪያውን ጥበብ እንደ ጥሩ አስተማሪ ያስተምራል። ሁለተኛው በእግር ክብደት የሚለካ ነገር ስላልሆነ ሚዛኑ ላይ አይወጣም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የምንለውን ለመመዘን የሚሆን ሎድ ሴል የለም።

ባዶ የሚወርድ ፔዳል

በአማርኛ "ፍሬን በጠሰ" ስንል መኪና ብቻ ማለታችን አይደለም። ልክ ያጣ ሰው፣ አፉን የማይገታ፣ ገንዘቡን የሚበትን፣ ሁሉም ፍሬን በጠሰ ይባላል። ቋንቋችን ውስጥ የፍሬን ትልቁ ትርጉም መኖሩ ሳይሆን መጥፋቱ ነው። ተሽከርካሪዎቻችንን በምን ስም እንደምንጠራም አስቡት፦ አይሱዙን "አልቃይዳ"፣ ሲኖትራክን "ቀይ ሽብር" ያለ ሕዝብ፣ ፍሬን ሲል የሚታየው የዙር ሰዓት አይደለም።

እና ፍሬን ሲጠፋ እግር ምን ይሰማዋል? በዘይት የሚሠራ ፍሬን ያለው ሚኒባስ እንውሰድ። ፍሬኑ ከልክ በላይ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ ውስጡ አረፋ ይፈጠራል፤ ዘይት አይታመቅም፣ አረፋ ግን ይታመቃል። ያኔ ሹፌሩ ሲረግጥ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ከሁሉም የሚያስፈራው ይሄ ነው፤ ትናንት ያውቀው የነበረው ክብደት እግሩ ሥር የለም።

ሎድ ሴል ፔዳል ይሄን ሊያሳይ አይችልም። የተሠራው ጠንካራ እንዲሆን ነው፤ ከሥሩ ያለው ጎማ ወይም ስፕሪንግ ሁልጊዜ መልሶ ይገፋል። ጌሙ ውስጥ ፍሬኑ ቢቃጠል እንኳ እግራችሁ ሥር ያለው ፔዳል እንደ መጀመሪያው ዙር ጠንካራ ነው። "ቢምኤንጂ ድራይቭ" የተባለው ጌም የፍሬንን ሙቀት ያሰላል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ መውረድ ያዳክመዋል። ዓይናችሁ መኪናው እምቢ ሲል ያያል፤ እግራችሁ ግን "ሁሉም ደህና ነው" ይላል። የሚገርመው፣ የጠፋ ፍሬንን በስሜት ይበልጥ የሚመስለው ያ ሁሉም የሚንቀው፣ ባዶ የሚወርደው ርካሽ ፔዳል ነው።

መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲሙኪዩብ የተባለው የፊንላንድ ምርት በሞተር የሚሠራ ፔዳል አውጥቷል፤ ክብደቱን እየነዳችሁ ሳለ መቀየር ይችላል። ዋጋው ከ2,000 ዩሮ በላይ ነው። ያን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ሰው ግን የሚፈልገው ጎማ ሲቆለፍ የሚሰማውን ንዝረት ነው። እግሩ ሥር የሚጠፋ ፔዳል ለማግኘት ብሎ የሚገዛው ያለ አይመስለኝም።

ከኋላ ያለው ሰው

ፔዳሉ የእግርን ክብደት ይመዝናል። ያን እግር የሚያከብደው ግን ከኋላ ያለው ጭነት ነው። ይሄ ዘርፍ የሚስተው ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው፦ መኪናው ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን "ግራን ቱሪስሞ" ፊልም ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። ታሪኩ ከእውነት የተነሳ ነው፤ ጃን ማርደንቦሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ጂቲ አካዳሚን አሸንፎ ከጌም ወደ እውነተኛ ውድድር ገባ፤ በ2013 ለ ማን ላይ በምድቡ ሦስተኛ ከወጣው ቡድን አንዱ ነበር። በ2015 ደግሞ ኑርቡርግሪንግ ላይ መኪናው ተነስቶ ተገለበጠና አንድ ተመልካች ሞተ። ፊልሙ ይሄን አደጋ ከለ ማን በፊት አድርጎ አስቀመጠው። ለምን? ጀግናው ወድቆ እንዲነሳ፣ ለመጨረሻው ድል ስሜት እንዲሰበሰብ ነው። የሞተው ሰው የሹፌሩ ታሪክ መወጣጫ ሆነ። ይሄ የአንድ ፊልም ድክመት ብቻ አይመስለኝም። የዘርፉ ሁሉ ዓይን እንደዚህ ነው፤ መንዳት ማለት ሹፌሩ ከራሱ ጋር የሚያደርገው ትግል ነው፣ ሌላው ሰው ከአጥሩ ወዲያ ነው።

ተቃራኒውን ከማንጋ ውስጥ እናገኛለን። ሹይቺ ሺጌኖ እ.ኤ.አ. በ1995 በጀመረው "ኢኒሻል ዲ" ታኩሚ የሚባለው ልጅ ተራራው ላይ ላለ ሆቴል በአሮጌ ቶዮታ ቶፉ ያደርሳል። አባቱ መኪናው ውስጥ ውኃ የሞላበት ኩባያ ያስቀምጥለታል፤ ውኃው እንዳይፈስ፣ ቶፉው እንዳይሰባበር። ልጁ ጎበዝ ሹፌር የሆነው ጭነት ይዞ በመንዳት ነው። የሎድ ሴል ትክክለኛ ስም ይሄ ኩባያ ነው ብል አላጋነንኩም፤ የሚመዝነው እግርን ሳይሆን እግር ጭነቱ ላይ የሚያደርሰውን ነው።

ከጌሞቹ መሐልም ለዚህ የሚቀርበው፣ የሲም ሬሲንግ ሰዎች ዝቅ አድርገው የሚያዩት "ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2" ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤስሲኤስ የተባለ የቼክ ኩባንያ ያወጣው ይህ ጌም ውስጥ በሞተር መያዝ አለ፣ ጭነት አለ፣ ጭነቱ ከተጎዳ ከክፍያችሁ ላይ ይቆረጣል። አሰልቺ ነው ይሉታል። ደባርቅ ላይ ቆሞ ለሚያየው ግን ከፎርሙላ ዋኑ ይልቅ የሚያውቀውን ሥራ የሚያይበት እሱ ውስጥ ነው።

"ጌም ነው እኮ"

እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። ጌም ነው እኮ፤ መንጃ ፈቃድ የሚሰጥ ተቋም አይደለም። እግር ኳስ ጌም የተጫወተ ሁሉ ጉልበቱ እንዲሰበር አንጠብቅም። ፔዳል የሠራው ኩባንያስ ሊማሊሞን ለምን ይጠየቃል?

ልክ ነው፣ ዝም ብሎ ጌም ነኝ ቢል ኖሮ ባልጠየቅነው ነበር። ይሄ ዘርፍ ግን ራሱን የሚሸጠው "እውነት" በሚለው ቃል ነው። በሌዘር የተለካ አስፋልት፣ በኪሎ የተለካ ፍሬን፣ በሚሊሜትር የተስተካከለ ወንበር። እውነትን የሚሸጥ ሰው የትኛውን እውነት ቆርጦ እንዳመጣ ቢጠየቅ አይከፋም። መልሱ ደግሞ ግልጽ ነው፦ የአካሉን እውነት አምጥቷል፣ የውጤቱን ትቷል። አጥር አለ፣ ጠጠር የሞላበት መውጫ አለ፣ እንደገና ጀምር የሚል ቁልፍ አለ።

ገንዘቡም ትንሽ አይደለም። 200 ዶላር የሚሸጥ ፔዳል፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በነበረው 57 ብር ገደማ ምንዛሪ 11 ሺህ ብር ተኩል ያህል ነበር። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ባሉት ሳምንታት ዶላር ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ያው ፔዳል ከ20 ሺህ በላይ ሆነ፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር። ስለዚህ እዚህ አገር ላለ ወጣት ጥሩው ዜና ነገሩ ሚዛን መሆኑ ነው። የሰው ክብደት መለኪያ ሚዛን ውስጥ ብዙ ጊዜ እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ የሚችሉ አራት ሎድ ሴሎች አሉ። ኤችኤክስ711 የምትባል ትንሽ ቺፕ ምልክቱን ታጎላለች፤ አርዱዊኖ ሊዮናርዶ ደግሞ ኮምፒውተሩ እንደ ጆይስቲክ እንዲያየው ያደርጋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቺፗ በሰከንድ 10 ጊዜ ወይም 80 ጊዜ ትለካለች። 10 ለስኳር ይበቃል፤ ለፍሬን ግን ዘገምተኛ ነው፣ 80ው ላይ መደረግ አለበት። ሌላም አለ፦ 50 ኪሎ የረገጠ እግር ወንበሩን 50 ኪሎ ወደ ኋላ ይገፋል። ፔዳሉና ወንበሩ በአንድ ጣውላ ወይም ብረት ካልታሰሩ፣ ከመኪናው በፊት የፕላስቲክ ወንበሩ ይሸሻል።

ስለዚህ የኔ ግምገማ ይሄ ነው። ፔዳሉ በሚችለው ነገር ላይ ታማኝ ነው። መሪ ከመቀየር በፊት እሱን ማግኘት፣ ከተቻለ ደግሞ መሥራት፣ ተገቢ ነው። ስለ መንዳት የሚናገረው ግን ግማሹን ነው፤ ያ ግማሽም ብቻውን ለሚነዳ ሰው የተጻፈ ነው።

ሌላውን ግማሽ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ነገር አለ። አሴቶ ኮርሳ ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሩትን መንገድ ይቀበላል። የመሬት ከፍታ መረጃ፣ ናሳ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር የለካው፣ በነፃ ይገኛል፤ ብሌንደርም ነፃ ነው። ሊማሊሞን የሚሠራ ወጣት ቢነሳ አንድ ነገር ብቻ ልለምነው። መነሻውን ደባርቅ ያድርገው፣ አቅጣጫውን ወደ ታች፣ መኪናውን የተጫነ። ጉም ይኑር፣ ኩርባው ላይ ከብት ይኑር። ታች ሲደረስ ስክሪኑ ሰዓት አያሳይ። የታምቡሩን ሙቀት ያሳይ፣ ከሥሩም ደህና የወረዱትን ተሳፋሪዎች ቁጥር።